የጓሮ በቆሎዬን አገዳ ቆርቁር የሚባለው ትል እየጨረሰብኝ ነው

እባካችሁ ምከሩኝ። ከ60 እግር በቆሎ የ14ቱ መሃል ቅጠል ደርቋል፤ ሳብ ሲያደርጉት ያለ ትግል ተመዞ ይወጣል። አንዱን አገዳ ብሰነጥቀው ውስጡ እርጥብ ሰጋቱራ በመሰለ ኩስ ተሞልቷል፤ ራሱ ቡናማ፣ ገላው ሮዝ ቢጤ ትል ተጋድሞበታል።

አመድና የኒም ዛፍ ፍሬ ዱቄት በሦስት ጣት እየቆነጠርኩ እምብርቱ (አዲሱ ቅጠል የሚወጣበት መሃሉ) ውስጥ ጨመርኩ። ዘግይቻለሁ፤ ትሉ አንዴ አገዳ ውስጥ ከገባ ዱቄቱ አይደርስበትም። ሌሎች 9 እግሮች ግን ገና ቅጠላቸው ላይ ብቻ በመስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሏቸው። ለእነዚህ በስንት ቀን ልዩነት ልድገም? የደረቁትንስ ላቃጥል ወይስ ቆራርጬ ለላም ልስጥ?

ምንጩ አጥር ያደረግሁት የአምናው አገዳ ይመስለኛል፤ ትሉ በጋውን እዚያው ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል። አጥሩን ሳላፈርስ የማጠፋበት መንገድ ይኖር ይሆን?