ይህ ክብ የኦክ ጠረጴዛ ምን ያህል ያወጣል?

በሜሪላንድ ከተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንድ ክብ የኦክ የምግብ ጠረጴዛ ተረክቤአለሁ። ስፋቱ 122 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የቆመው በአንድ ወፍራም ምሰሶና የአንበሳ መዳፍ በተቀረጸባቸው አራት እግሮች ላይ ነው፤ ገጹ ከመሀል ተከፍሎ በእንጨት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ሦስት ማስረዘሚያ ሳንቃዎች ይቀበላል። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ጠረጴዛዎች በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ በብዛት ይሠሩ እንደነበር አንብቤአለሁ። ከሥሩ ተኝቼ በባትሪ ብፈልግም የፋብሪካ ስም አላገኘሁም፤ ሐዲዱ ላይ የተመታው 48 የሚል ቁጥር ስፋቱን በኢንች የሚገልጽ ይመስለኛል።

አልኮል የነካ ጥጥ በማይታይ ጥግ ላይ ባሽ ቅቡ ስለሟሟ ሼላክ (ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራ የእንጨት ቅብ) መሆኑን ገመትሁ። ገጹን ከፍቼ ጠርዙን ስመለከት የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወጥ ሳንቃ ነው። ግራ ያጋባኝ ምሰሶው ነው፤ በአንድ ጎኑ ስስ የኦክ ልባጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ፣ ከሥሩ ሌላ ነጣ ያለ እንጨት ይታያል። በዚህ የተነሣ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ 150 ዶላር ሲሰጠኝ ሌላው 700 አለኝ (ከዋንዛና ከጥድ በቀር እንጨት ለማላውቅ ለእኔ ሁለቱም አሳማኝ ነበሩ)።

ልባጡ ከመጀመሪያው የነበረ ነው ወይስ በኋላ የተጠገነ፣ ይህንንስ ለይቶ ትክክለኛውን ዋጋ ለመገመት ምሰሶው ላይ ምን ምልክት ልፈልግ?