ፕላቲነሙ ካርቦኑ ላይ አልቀመጥ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው፤ ለፊውል ሴል (ነዳጅን ሳያቃጥል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ኤሌክትሮድ ካርቦን ላይ የፕላቲነም ናኖ (እጅግ ደቃቅ) ቅንጣቶች መሥራት።

ካርቦኑን ኢታይሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ውስጥ በትኜ ፕላቲነሙ የሚገኝበትን ክሎሮፕላቲኒክ አሲድ እጨምራለሁ። ከዚያ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 12 አድርሼ በ130 ዲግሪ ለ3 ሰዓት አሞቀዋለሁ። እስከዚህ ደህና ነው። ጠጣሩን ለመለየት ሴንትሪፊውጅ ሳደርገው (በፍጥነት ሳሽከረክረው) ግን ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ጥርት ማለት ሲገባው ጠላ መስሎ ይወጣል። ፕላቲነሙ እዚያው ተንሳፍፎ ቀርቷል ማለት ነው። ያን ውድ ነገር ስደፋው አንጀቴ አረረ።

እንደገባኝ፣ ፒኤቹ ከፍ ሲል ቅንጣቶቹም ካርቦኑም ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዙና ይገፋፋሉ። ስለዚህ ሲቀዘቅዝ በአሲድ ወደ 3 ላወርደው አስቤያለሁ። የምፈራው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ነው። አሲዱን ጠብ ጠብ እያደረግኩ ልጨምር? ስንት ሰዓት ላማስለው?

ደግሞ ማክሰኞ ሥራው መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ማማሰያው ቆመ። (የኛ ነገር!) ካርቦኑ እንደ አተላ ታች ዘቀጠ። ይሄኛው መልሶ ቢማሰል ይድናል ወይስ ልተወው? የቀረችኝ ክሎሮፕላቲኒክ አሲድ ግማሽ ግራም ብቻ ናት፤ የሞከራችሁት ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ።