ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በሐሰተኛ ቀጣሪ እጅ ከገባ

ጥያቄ፦ ያለነው ሜሪላንድ ነው። እህቴ በቴሌግራም ለመጣላት «ሥራ» ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯንና የመንጃ ፈቃዷን ፎቶ ልካለች። ከየት ትጀምር?

መልስ፦ ዛሬውኑ ክሬዲቷን ፍሪዝ ታስደርግ (በስሟ አዲስ ብድር እንዳይከፈት ማሳገድ ማለት ነው)። ሦስቱ የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ጋር ለየብቻ መጠየቅ አለባት፤ አንዱ ለሌላው አይነግርላትም። ከ2018 ጀምሮ በሕግ ነጻ ነው፤ «ሎክ» ብለው በወር ክፍያ የሚሸጡትን ትተወው። ብድር ስትፈልግ በኦንላይን ከጠየቀች በ1 ሰዓት ውስጥ ያነሱላታል።

መልስ፦ ፍሪዝ ታክስ ላይ አይሠራም። በስሟ ሪፈንድ እንዳይወስዱ ከአይአርኤስ (ከፌዴራል የግብር መሥሪያ ቤቱ) ባለ 6 አኃዝ አይፒ ፒን፣ ማለትም ታክስ ሲሞላ ማንነቷን የሚያረጋግጥ የምሥጢር ቁጥር ታውጣ። በየዓመቱ ይቀየራል፣ እንዳትዘነጋው።

መልስ፦ «ዕቃ ግዢበት» ብለው ቼክ ከላኩላት እንዳትነካው! ገንዘቡ ሒሳቧ ላይ ቢታይም ቼኩ ከቀናት በኋላ ሲመለስ ዕዳው የእሷ ነው። የባንክ ቁጥሯንም ሰጥታ ከሆነ ሒሳቡን ዘግታ ሌላ ትክፈት፤ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም።