ጥቆማ፦ ዓይናቸውን መክደን ላቃታቸው ታማሚ ምን ይገዛ? የት ይታዩ?

አባቷ ጊሊያን ባሬ በሚባለው የነርቭ ሕመም ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ዓይናቸው ገርበብ እንዳለ ለሚያድርባት እህታችን። ይሄ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። ዓይን ካልተርገበገበ እንባው አይዳረስም፤ ብሌኑ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳ ከጣለ ደግሞ እይታን ይጋርዳል። መናገር ያልቻለ ሰው «አዎ» እና «አይ» የሚለው በዓይኑ ነው።

ለቀን ሰው ሠራሽ እንባ ይሁን። ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሃይፕሮሜሎስ የሚል ፈልጊ። የፋብሪካው ስም ብዙ አያስጨንቅሽ። በቀን ከ6 ጊዜ በላይ የምትጨምሪ ከሆነ ግን ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ኬሚካል) የሌለው ይሻላል። እሱ ዋጋው ከከበደሽ ወፈር ያለውን ጄል ሞክሪ፤ ቶሎ ስለማይደርቅ ቶሎ ቶሎ መጨመር አይጠይቅም።

ለሌሊት ጠብታ አይበቃም። እኔ የምመርጠው የዓይን ማለስለሻ ቅባት ነው። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጊና ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ቀጭን መስመር አስምሪ፤ የቱቦው ጫፍ ዓይናቸውን እንዳይነካ። ከዚያ ቆቡን ቀስ ብለሽ ክደኚና በወረቀት ፕላስተር አግድም ለጥፊው። ሽፋሽፍቱ በሙሉ ወደ ውጭ መውጣቱን እይ፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ካለ ብሌኑን ሲፈገፍግ ያድራል። ጎዝ ደርቦ ማሰሩን አልመክርም፤ ከሥሩ ዓይናቸው ከተከፈተ ጎዙ ራሱ ይቧጭራቸዋል።

ቴትራሳይክሊን ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያም ይገኛል፤ ግን አንቲባዮቲክ ነው፣ ለወራት ማለስለሻ አይደረግም። ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ደግሞ ሐኪም ሳያዝ በፍጹም እንዳትጨምሪ።

ዋጋ ለማወዳደር ከከነማና ከቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ጀምሪ፣ ከዚያ ወደ ግሎቹ። ለምርመራ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ ጎንደርና ጅማም የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቹ የዓይን ሐኪም አላቸው። የግል ክሊኒክ ከመረጥሽ «ታማሚው በአልጋ ላይ እንደተኙ መግባት ይቻላል?» ብለሽ ቀድመሽ ደውዪ። ፍሎረሰይን የተባለውን የዓይን መመርመሪያ ቀለም ጨምረው እንዲያዩላቸው ጠይቂ፤ ቁስል ካለ በሰማያዊ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። መክደኑ ቶሎ ካልተመለሰላቸው ቆቡን በከፊል መስፋት አለ፣ ሲሻላቸው ይፈታል።

ዓይናቸው ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ ነገ አትበይ፤ ያኔውኑ ውሰጃቸው።