የአሊ ቢራ መታሰቢያ ቴምብር ንድፍ፦ ምን ላስቀር?

ጠያቂ፣ ከአዳማ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ግራፊክስ ነው የምሠራው፣ በብዛት ባነርና የሠርግ ካርድ። የድምፃዊውን የአሊ ቢራን መታሰቢያ ቴምብር ነድፌ በሐሳብ ደረጃ ለፖስታ ቤት ላቀርብ አስቤያለሁ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ያረፈው እዚሁ አዳማ ስለሆነ ሥራው ከዚህ ቢወጣ ደስ ይለኛል። ፊቱን፣ ኡዱን (ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያውን)፣ ድሬዳዋን፣ የባቡሩን ሐዲድ፣ የኦዳውን ዛፍ ሁሉንም አስገብቻለሁ። ስክሪን ላይ ያምራል፣ በልኩ ሲታተም ግን ምኑም አይለይም። ደግሞስ ወጣትነቱ ይሻላል ወይስ ሽምግልናው?

የማተሚያ ቤት ሰው፦ ወንድሜ፣ 3 በ4 ሴንቲሜትር ላይ ይሄ ሁሉ ምን ሊሠራ? ፊትና ኡድ፣ በቃ። በአራት እጥፍ፣ ማለትም 12 በ16 አድርገህ ሥራው፤ ግን በየመሀሉ በልኩ አትመህ እጅህን ዘርግተህ እየው። የኡዱን ክሮች በሙሉ አትሳል፣ ሲያንሱ ተጣብቀው አንድ ጥቁር መስመር ይሆናሉ፤ ሦስት አራት ይበቃሉ። ጽሑፉን ከዳር ቢያንስ 2 ሚሊሜትር አርቀው፣ በትልቁ ንድፍ 8 ማለት ነው። የቴምብሩ ጠርዝ ጥርስ የሚበሳው እዚያ ነው፣ ማሽኑ ትንሽ ከሳተ ፊደል ይበላብሃል። ቀለሙም በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች) ይሁን፣ ስክሪን ላይ ቦግ ያለው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይሞታል።

ቴምብር ሰብሳቢ፦ በምኒልክ ጊዜ፣ በአውሮፓ 1894 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን እኮ ወይ የንጉሡ ፊት ነው ያለባቸው ወይ አንበሳ። እስካሁን ያምራሉ። የአገሩን ስም በላቲን ፊደልም ጻፍ፣ ዋጋውንም በቁጥር፤ የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ነው። (እንግሊዝ ብቻ ስሟን አትጽፍም፣ በአውሮፓ 1840 ቀድማ ስለጀመረች። ኩራቷ!) ያረፈበትን ዓመት 2015 ብለህ ብቻ ከተውከው የውጭ ሰው ግራ ይገባዋል፣ 2022ንም ጨምርበት። ስለ ዕድሜው ደግሞ፣ አሜሪካኖች በአውሮፓ 1992 ለዘፋኙ ኤልቪስ ፕሪስሊ ቴምብር ወጣቱን ወይስ ትልቁን ብለው ሕዝቡን አስመርጠው ወጣቱ ነው ያሸነፈው።

የድሬ ልጅ፦ ወጣቱ እንጂ ምን ጥያቄ አለው! ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረው እኮ ገና ልጅ ሳለ ነው። ሐዲዱን ተወው፣ ድሬን ስሙ ራሱ ይጠራታል። ግን ፎቶ ከኢንተርኔት አውርደህ በላዩ እንዳትስል፤ አንሺው በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መብት አለው። ፈልገህ አስፈቅድ። ቤተሰቡንም ሳታናግር ደብዳቤ አታስገባ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ባቡሩ ወጥቷል 😄 ኦዳውን ግን ከኋላ በስሱ ባስቀረውስ? ለጓደኞቼስ አትሜ ብሰጥ ችግር አለው?

የማተሚያ ቤት ሰው፦ ኦዳው በአንድ ቀለም ከሆነና ፊቱን ካልነካ ይሁን። ስታድል ግን «ናሙና» በልበትና ዋጋው ላይ ሰያፍ መስመር አስምርበት። ቴምብር የማውጣት ሥልጣን የፖስታ ቤት ነው፣ አንዱ ቀልደኛ ፖስታ ላይ ለጥፎ ቢልከው መዘዙ ላንተ ይተርፋል።