ሪስፐሪዶን «አልሠራም» ሲባል፦ ጂን ነው ወይስ ጾም፣ ጠበልና ጫት?

ጠያቂ (የጤና ጣቢያ ነርስ)፦
የ28 ዓመት ወንድ፣ ስኪዞፍሬኒያ። የሕመሙን መድኃኒት ሪስፐሪዶንን በ4 ሚሊግራም ከጀመረ 6 ሳምንት ሆነው፤ ድምፅ መስማቱ አልቀነሰም። ጫት ይቅማል። ቤተሰቡ ለዐቢይ ጾም ጠበል ሊያስገቡት ነው። የኢትዮጵያዊ ጉበት መድኃኒት ቶሎ ይፈጫል ይባላል፤ ዶዙ ወደ 8 ይደግ?

ፋርማሲስት፦
8 አይሆንም። ከ6 ሚሊግራም በላይ ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ የሚጨምረው የጡንቻ መገታተርና መንቀጥቀጥ ነው።

የጉበቱ ነገር ግን መሠረት አለው። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለውን መድኃኒት ፈጪ የጉበት ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን በ29 በመቶ ኢትዮጵያውያን ላይ ተባዝቶ ተገኝቷል፤ በስዊድናውያን ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ሆኖም ሪስፐሪዶን ተፈጭቶ የሚወጣው ነገር ራሱ መድኃኒት ስለሆነ ጉልበቱ አይጠፋም። ጂኑ ክፉኛ የሚያስቸግረው አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት ላይ ነው፤ በበቂ ዶዝና ጊዜ ለውጥ ካልመጣ እሱን ከመቆለል ወደ ሌላ የድብርት መድኃኒት፣ ወደ ሰርትራሊን መቀየር ይሻላል። (የሕመም ማስታገሻው ኮዴይን ተቃራኒው ነው፤ ወደ ሞርፊን ስለሚቀየር ያይልባቸዋል።) ደግሞም 29 በመቶ ማለት ከ10 ሰው ሰባቱ ጂኑ አልተባዛም ማለት ነው።

የሥነ አእምሮ ነርስ፦
ከጂኑ በፊት ክኒኑ ይቆጠር። «ትወስዳለህ ወይ?» ካላችሁት መልሱ «አዎ» ነው። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠህ?» በሉና እሽጉን አስመጡ።

ጫት ዶፓሚን ያስለቅቃል፤ መድኃኒቱ የሚዘጋውን እሱ ይከፍታል ማለት ነው። ምርቃናው እንዳይሰበር የማታውን ክኒን የሚዘልም ብዙ ነው። ስንት ቀንና ምን ያህል እንደሚቅም ጠይቃችሁ መዝግቡ።

ጠበሉን አትከልክሉ፤ ከከለከላችሁ ሰውየውንም ክኒኑንም ታጣላችሁ። ዶዙን ሙሉውን ወደ ማታ አዙሩት፣ ጾሙን አይነካም። እዚያ ክኒን አይወስድም ብላችሁ ከሰጋችሁ ሳይሄድ ለሳምንታት ስለሚቆየው የስኪዞፍሬኒያ መርፌ ስለ ሞደኬት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፤ መጀመሪያ 12.5 ሚሊግራም ለሙከራ፣ ካልከበደው 25 በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ።

ጠያቂ፦
ሊቲየም (የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት) የሚወስድ ሌላ ታካሚም አብሮ ይገባል።

ፋርማሲስት፦
እሱ ያሳስበኛል። እስከ 9 ሰዓት ውኃም አይጠጣም፤ ጠበሉ ደግሞ ካስመለሰውና ካስቀመጠው ጨውና ፈሳሽ ያልቅበታል። ያኔ ኩላሊት ሊቲየሙን ይይዘዋል። ከመሄዱ በፊት የደም መጠኑ ይለካ፣ ከመጨረሻው ዶዝ 12 ሰዓት በኋላ፤ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ይሁን። ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ሊቲየሙን አቁሞ በዚያው ቀን ይምጣ። እጁ በኃይል ቢንቀጠቀጥ ወይም ቢንገዳገድ ወደ ሆስፒታል ነው። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይሰጠው።

ሐኪም፦
ወደ መጀመሪያው ልመለስ። ሁለት የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት በሙሉ ዶዝ፣ በትክክል ተወስዶ ካልሠራ ቀጣዩ ክሎዛፒን ነው፤ እሱ ግን ኒውትሮፊል የተባለውን ነጭ የደም ሴል ሊያወርድ ስለሚችል ቁጥሩ አስቀድሞ ይታያል። እዚህ ላይ ዘር በእርግጥ ይገባል፦ ብዙ ኢትዮጵያዊ ጤነኛ ሆኖ ኒውትሮፊሉ ዝቅ ያለ ነው። የተለመደው መነሻ በማይክሮሊትር ደም 1500 ነው፤ ዝቅታው የተፈጥሮ መሆኑ ቢያንስ በሁለት ምርመራ ከታየ ግን በ1000 ይጀመራል፤ የሚቋረጠውም ከ500 ሲወርድ ነው። 1200 አይቶ ክሎዛፒን የሚነፍግ ሐኪም ስታገኙ ይህን አስታውሱት።