ለፓርኪንሰን እርድና ጊንኮ ይሰራል እንዴ?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ወገኖች ከሀዋሳ ነኝ። አባቴ ፓርኪንሰን (ሰውነት የሚያንቀጠቅጠው የአንጎል በሽታ) ከተባለ ሁለት አመት ሆነው፣ ሊቮዶፓ የሚባለውን የበሽታውን ኪኒን ይወስዳል ግን አሁን አሁን ቡና ሲጠጣ ሲኒው እጁ ላይ ስለሚንቀጫቀጭ እናቴ ግማሽ ብቻ ነው የምትቀዳለት፣ እንግዳ ካለ ጭራሽ አልጠጣም ይላል። ጎረቤታችን እትዬ እርድ በማር አጠጡት አሉን፣ የአክስቴ ልጅ ደሞ ከአሜሪካ ጊንኮ የሚባል ከዛፍ ቅጠል የተሰራ ነገር ላከችለት፣ እሱም የሐኪሙ ኪኒን ያቅለሸልሸኛል ትቼው ይሄን ልሞክር እያለ ነው። የተጠና ነገር አለ ወይስ ወሬ ነው? አስፕሪንም ይወስዳል።

መድኃኒተኛዋ፦
አይዞህ ወንድሜ። ጊንኮውን አትስጡት፣ ከአስፕሪን ጋር የመድማት ስጋት አለው። ደሞ አሜሪካ ውስጥ 3,069 አዛውንቶች ላይ ስድስት አመት ያህል ተሞክሮ በፈረንጆቹ 2008 ውጤቱ ሲወጣ የመርሳት በሽታን እንኳን አላስቀረም፣ ፓርኪንሰን ሌላ ነገር ነው። እርዱ ወጥ ውስጥ ይግባ ችግር የለም፣ ውስጡ ያለው ኩርኩሚን ግን አይጥ ላይ ጥሩ ቢመስልም ሰው ሲበላው ወደ ደም የሚገባው ኢምንት ነው። በኪኒን መልክ የሚሸጠውን አትግዙ፣ ጉበታቸውን የጎዳቸው ሰዎች አሉ።

ባቄላው፦
ኧረ እፅዋትን አትናቁ! ሊቮዶፓ ራሱ በ1913 ከባቄላ ነው ተለይቶ የወጣው፣ ለአልዛይመር (ለመርሳት በሽታ) የሚሰጠው ጋላንታሚንም መነሻው አበባ ነው። እሸት ባቄላ አብሉት በቃ

መድኃኒተኛዋ፦
@ባቄላው እውነትህን ነው፣ ግን ስንት ሊቮዶፓ እንደበላ በምን ያውቃል? እሸቱ ከደረቁ ይበልጣል፣ ማሳው ራሱ ይለያያል። ኪኒኑ ላይ ካርቢዶፓ የሚጨመረው መድኃኒቱ አንጎል ሳይደርስ መንገድ ላይ እንዳያልቅ ነው፣ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል፣ ባቄላው ይሄ የለውም። በኪኒኑ ላይ ተደርቦ ከበዛ ደሞ ሰውነት ሳይፈልጉ መወራጨት፣ ቅዠት ያመጣል። @የታቦር ልጅ አባባ በድንገት እንዳያቆሙ፣ አደገኛ ነው። ማቅለሽለሹን ለሐኪሙ ንገሩት መጠኑን ያስተካክላል፣ እስከዛ በደረቅ ዳቦ ይዋጡት። ከስጋ ከእንቁላል ጋር ግን አይሁን፣ ፕሮቲን አንጀት ላይ ከመድኃኒቱ ጋር ይሻማል፣ ከምግብ ግማሽ ሰአት በፊት ነው።

የታቦር ልጅ፦
ውይ እኛ እኮ ሁሌ ምሳ ላይ ከአሳው ጋር ነው የምንሰጠው!! ለካ ከሰአት እጁ የሚብስበት... ለእናቴ አሁኑኑ ልደውልላት። ጊንኮውን ግን የአክስቴን ልጅ ምን እላታለሁ፣ በየቀኑ ጀመረ ወይ እያለች ነው